አረንጓዴው ምልክት ብቻውን አይበቃም፦ የሚነፋ ላይፍ ጃኬት እንዴት ይፈተሻል? ተነፍቶ ሲገኝስ እንዴት ዳግም ይዘጋጃል?

ጥያቄው እንዲህ ነው። ጠያቂው ትንሽ የመዝናኛ ጀልባ አላቸው። ከ4 ዓመት በፊት ውሃ ሲነካቸው በራሳቸው የሚነፉ ሁለት ላይፍ ጃኬቶች ገዙ። ጃኬቶቹ ለወራት ጀልባው ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሳጥኑ ሲከፈት አንደኛው ተነፍቶ ተገኘ። ውሃ ውስጥ የገባ ሰው የለም። «ተበላሽቷል ማለት ነው? ጋዙን ራሴ ቀይሬ መልሼ ላጥፈው እችላለሁ? ለብስክሌት ጎማ የሚሸጠውን ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር ብጠቀምበትስ? ሁለተኛው ምልክቱ አረንጓዴ ስለሆነ ምንም አልነካሁትም። ደግሞስ አውሮፕላን ላይ ይዞ መሄድ ይፈቀዳል?» ይላሉ።

በአጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። የተነፋው ጃኬት የመበላሸቱ ዕድል ትንሽ ነው። ራስዎ ማዘጋጀት ይችላሉ። የብስክሌቱን ሲሊንደር ግን ይተዉት። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ያ የተነፋው ሳይሆን አረንጓዴ የሚያሳየው ነው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

አረንጓዴው ምልክት የሚናገረው ስለ መንፊያው፣ ማለትም ሲሊንደሩን በስቶ ጋዙን ወደ ፊኛው ስለሚለቅቀው መሣሪያ፣ ብቻ ነው። ሞላው ተወጥሮ ተቀምጧል፣ የእጅ መሳቢያው ቦታው ላይ ነው፣ ይላል። አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ሲሊንደሩ በትክክል መግባቱንም ያሳያል። ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ስንት ግራም ጋዝ እንዳለ አይመዝንም። በብዙ የቆዩ ሞዴሎች ላይ ተበስቶ ባዶ የሆነ ሲሊንደር መልሰው ቢያስሩበት እንኳ ያው አረንጓዴ ነው። ፊኛው ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው ደግሞ ጨርሶ አያውቅም። ጃኬቱ ግን ሰው የሚያድነው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲሠሩ ነው፦ ጋዙ መኖር አለበት፣ ቀስቃሹ ጋዙን መልቀቅ አለበት፣ ፊኛው የተለቀቀውን መያዝ አለበት። ምልክቱ የሚያየው መሐለኛውን ነው፤ እሱንም በከፊል።

ከጋዙ እንነሳ። የጃኬቱን ሽፋን ይክፈቱና ሲሊንደሩን በእጅዎ ይያዙት። ወደ ቀኝ ያዙሩት። ዞረ? እንግዲያው ላልቶ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ደጋግሜ የማየው ጉድለት ይህ ነው፤ ዝገቱም፣ ቀዳዳውም ከሱ በኋላ ነው የሚመጡት። የሞተር ንዝረት፣ ጃኬቱን ማውለቅና መልበስ፣ ማጠፍና መወርወር ሲሊንደሩን ቀስ በቀስ ይፈታዋል። የእንግሊዝና የአየርላንድ የባሕር ነፍስ አድን ተቋም፣ አር.ኤን.ኤል.አይ፣ ጀልበኞችን ከሚያስጠነቅቅባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የላላ ሲሊንደር ነው። ትንሽ ከላላ መብሻው መርፌ ሳይደርስበት ይቀራል። ወይም ይደርስና ጋዙ በጥርሱ በኩል ወደ ውጭ ያመልጣል። በሁለቱም መንገድ ፊኛው ባዶ ይቀራል። ማሰር የሚቻለው በእጅ ብቻ ነው። በፒንሳ አይሞከርም፤ ጥርሱንም ጎማውንም ያበላሻል። ሙጫም አይቀባም።

የሃማር ዓይነት መንፊያ (በውሃ ግፊት የሚቀሰቀሰው፣ ኋላ እንመለስበታለን) ያለው ጃኬት ከሆነ ሲሊንደሩ ውጭ አይታይም። ፊኛው ውስጥ ነው። ቢሆንም በፊኛው ጨርቅ ላይ ጨብጠው ማዞር ይቻላል። አንድ እጅ መንፊያውን ይያዝ፣ ሌላው ሲሊንደሩን ይሞክር።

ከዚያ ሲሊንደሩን ፈትተው ያውጡት። (ሃማሩን ይህን አያድርጉበት፤ በአንድ ላይ የሚቀየር ዕቃ ነው።) መጀመሪያ አፉን ይዩት። ያልተነካ ሲሊንደር አፉ ላይ ያለው ቀጭን ብረት ሙሉና ለስላሳ ነው። የመርፌ ቀዳዳ ካዩበት አበቃለት፤ ባዶ ነው። ቀጥሎ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። ግራም በግራም የሚያሳይ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን በቂ ነው። ሲሊንደሩ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይምታታበታል። «33 ግራም» የሚለው ውስጡ ያለው ጋዝ ብቻ ነው። ብረቱን ጨምሮ ሲመዘን ሊኖረው የሚገባው ክብደት ለብቻው ተመትቶ ይገኛል፤ ከ100 ግራም በላይ የሆነ ቁጥር ካዩ እሱ ነው። «ቢያንስ» ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ከዚያ ማነስ የለበትም። ሙሉ ክብደቱ ብቻ ከተጻፈ ብዙዎቹ አምራቾች የ2 ግራም ልዩነት ይታገሳሉ። ከዚያ በታች ከሆነ ይቀየር።

ዝገትንም ቀላል አድርገው አይዩት። የዛገ ሲሊንደር ጋዙን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ችግሩ ሻካራ መሆኑ ላይ ነው። ሲሊንደሩ ከፊኛው ጋር ተጣጥፎ ነው የሚኖረው፤ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ዝገቱ ጨርቁን ይፍቀዋል። ሲሊንደሩ ዝጎ ካገኙት እሱን ከመጣልዎ በፊት የነካውን የፊኛ ክፍል በብርሃን አስጠግተው ይመርምሩ።

አሁን ሲሊንደሩ ወጥቷል። ፊኛውን ለመሞከር ትክክለኛው ጊዜ ይህ ነው። ሲሊንደሩ ታስሮ እያለ ጃኬቱን በአፍ አይንፉ። ሞልቶ ሳለ በስህተት ገመዱ ቢሳብ በሙሉ ፊኛ ላይ ሌላ ሙሉ ጋዝ ይጨመርበታል። ስፌቱ ሊተረተር ይችላል።

በአፍ መንፊያው ቱቦ አየር ያስገቡ። ለዚህ ንጹሕና ዘይት የሌለው ትንሽ ፓምፕ ቢያገኙ ይመረጣል። ትንፋሽ እርጥበት አለው፤ እርጥበቱ ፊኛው ውስጥ ይቀራል፣ ሻጋታም ያመጣል። ፊኛው ጠንከር እስኪል ይንፉና ቱቦውን ይክደኑ። ከዚያ ለ24 ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ ይተዉት፤ ፀሐይ የማይመታው፣ ማሞቂያ የሌለበት፣ ሙቀቱ ብዙም የማይለዋወጥ ክፍል ይሁን። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ማታ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ፊኛውም ትንሽ ይለሰልሳል። ሰውም «አፈሰሰ» ብሎ ይደናገጣል። በማግስቱ በተመሳሳይ ሰዓትና ሙቀት ሲያዩት እንደነበረው ከሆነ ፊኛው ደህና ነው።

እዚህ ላይ ስለ ተነፋው ጃኬትዎ አንድ ነገር። «ሳገኘው ለስለስ ብሎ ነበር፣ ስለዚህ ያፈስሳል» ብለው እንዳይደመድሙ። የሲሊንደሩ ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በፊኛው ጨርቅ ውስጥ ከአየር በፈጠነ ሁኔታ ሾልኮ ይወጣል። ቀዳዳ የሌለው ጃኬትም በጋዝ ከተነፋ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ መርገቡ አይቀርም። ፈተናው የሚሠራው በአየር ብቻ ነው። ጋዙን ሙሉ በሙሉ ያስወጡ፣ እንደገና በአየር ይንፉት፣ ከዚያ ይፍረዱ።

ካፈሰሰስ? የሳሙና ውሃ በቀጭኑ ይቀቡና አረፋ የሚሠራበትን ቦታ ይፈልጉ። አረፋው የአፍ ቱቦው ቫልቭ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ አሸዋ ወይም ጨው ገብቶበት ነው፤ በንጹሕ ውሃ ሲያጥቡት ይስተካከላል። ከጨርቁ ወይም ከስፌቱ ከሆነ ጃኬቱ ጡረታ ወጥቷል። ለመዋኛ ፊኛ የሚሸጥ ልጣፊ አይለጠፍበትም። እንዲህ ያለውን ጃኬት ማሰሪያውን ቆርጬ ነው የምጥለው፤ ሌላ ሰው ደህና መስሎት አንስቶ እንዳይለብሰው።

አየሩን ለማስወጣት የቱቦውን ክዳን ገልብጠው ቫልቩ ላይ ይጫኑት፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። በእስክሪብቶ ወይም በመፍቻ ጫፍ አይነካኩት። ፊኛውን እንደ ታጠበ ልብስ አይጭመቁት፤ ከዳር ጀምረው ወደ ቱቦው ቀስ እያሉ ያጥፉት። ሲጨርሱ ክዳኑን ወደ ትክክለኛ አቀማመጡ ይመልሱ። ክዳኑ ተገልብጦ ከቀረ ቫልቩ ክፍት ነው፤ ጋዙ በዚያው ይወጣል።

ጋዝና ፊኛ አበቃ። ቀስቃሹ ጋ ስንደርስ ጃኬትዎ ለምን ራሱን እንደነፋ ግልጽ ይሆናል።

ሁለት ዓይነት ቀስቃሾች በብዛት ይገኛሉ። አንደኛው ውሃ ሲነካው የሚሟሟ ነገር የያዘ ነው። በሃልኪ-ሮበርትስ ላይ «ቦቢን» የሚባለው ትንሽ ቀለበት መሳይ እንክብል ነው። በዩናይትድ ሞልደርስ ደግሞ የታመቀ ወረቀት የያዘ ካርትሪጅ ነው። አሠራራቸው አንድ ነው። እንክብሉ ወይም ወረቀቱ የተወጠረ ሞላ ይዞ ተቀምጧል። ውሃ ሲገባበት ይላላል፣ ሞላው ይፈናጠራል፣ መርፌው ሲሊንደሩን ይበሳል። ሁለተኛው ዓይነት የሃማሩ ነው። እሱ የሚቀሰቀሰው በመርጠብ ሳይሆን በውሃ ግፊት ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ውስጥ መግባት አለበት። ዝናብና የማዕበል ፍንጣቂ የማይቀሰቅሰው ለዚህ ነው።

የእርስዎ የሚሟሟው ዓይነት መሆኑን እገምታለሁ። ይህ ዓይነት እርጥበትን ያስታውሳል ብል ይሻላል። አንድ ቀን የመታው ዝናብ ላያነሳው ይችላል። ተዘግቶ በቆየ የጀልባ ሳጥን ውስጥ ያለ የወራት እርጥበት ግን እንክብሉን እያለሰለሰ ይሄዳል። በዚያ ላይ ዕድሜው 4 ዓመት ነው። ለሚሟሟው ክፍል አምራቾች በአብዛኛው የሚሰጡት ጊዜ ከ3 ዓመት አያልፍም፤ ጃኬቱን ዘወትር የሚለብስ ሰው በየዓመቱ ቢቀይር ይመከራል። ሃማሩ ላይ እስከ 5 ዓመት ይሄዳል። ቀኑን ሲያነቡ ግን ይጠንቀቁ። አንዳንዱ ላይ የተመታው የሚያበቃበት ቀን ነው፤ ሌላው ላይ የተመረተበት ነው። የቱ እንደሆነ የጃኬቱ መመሪያ ይነግርዎታል።

ስለዚህ ጃኬትዎ አልተበላሸም። ያረጀ እንክብል እርጥበት አግኝቶ ሥራውን ሠራ። ታዲያ ሁለቱን በአንድ ቀን ገዝተው በአንድ ሳጥን ካስቀመጧቸው ሁለተኛው ምን የተለየ አለው? እንክብሉ እኩል አርጅቷል፣ እኩል እርጥበት ጠጥቷል። አንድ ቀን ጀልባ ሲያስጠጉ ደረትዎ ላይ ሊነፋ ይችላል። አረንጓዴ ቢሆንም ኪቱ፣ ማለትም ሲሊንደሩና የሚሟሟው ክፍል፣ ይቀየርለት።

ከመቀየርዎ በፊት ግን ያረጀውን ኪት ዝም ብለው አይጣሉት። ጃኬቱን በአግባቡ ለብሰው፣ ሰው አጠገብዎ ቆሞ፣ ጥልቀት በሌለው ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ ይግቡ። ሲነፋ አንገት አካባቢ ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ድምፁ እንዴት እንደሚያስደነግጥ፣ በእግሮች መካከል የሚያልፈው ማሰሪያ ከሌለ ጃኬቱ ወደ ጆሮ እንዴት እንደሚወጣ በራስዎ ላይ ያያሉ። ካልነፋም ትልቅ ነገር ተማሩ፤ ገመዱን ስበው የእጁን መንገድ ይሞክሩ። በራሱ የሚነፋ ጃኬት በሙሉ የእጅ ገመድና የአፍ ቱቦ አለው፤ ሁለቱም መጠባበቂያ ናቸው። ብዙ ሰው ቱቦው የት እንዳለ የሚያውቀው እንዲህ ሲሞክር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማዘጋጀቱ። የሚገዙት ኪት የጃኬቱን ሞዴል በስም የጠቀሰ መሆን አለበት። ጃኬቱ ላይ ወይም ፊኛው ላይ የታተመውን የሲሊንደር ግራም ያንብቡ። ኪቱ ውስጥ በተለምዶ አዲስ ሲሊንደር፣ አዲስ እንክብል ወይም ካርትሪጅ እና የእጅ መሳቢያውን የሚይዝ ትንሽ አረንጓዴ ፕላስቲክ ክሊፕ ይኖራል። ክሊፑ የሚሰበረው ገመዱ ሲሳብ ነው። ቀላል ዕቃ ቢመስልም እሱ ከሌለ መሳቢያው ነገር ነክቶት ሊነሳ ይችላል።

ጃኬቱ የጨው ውሃ ነክቶት ከሆነ አስቀድመው ይጠቡት። ሲሊንደሩም ቀስቃሹም ወጥተው፣ በንፁሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና። በረኪና፣ ቤንዚንና ሌላ ኬሚካል የተከለከለ ነው። ጥላ ውስጥ በፕላስቲክ መስቀያ ሰቅለው ያድርቁት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ እንዳይቸኩሉ። መንፊያው ውስጥ አንድ ጠብታ ውሃ ቢቀር አዲሱን እንክብል በዚያው ሌሊት ሊያነሳው ይችላል፤ ሁለት ኪት በሳምንት ውስጥ የሚገዙ ሰዎች አብዛኞቹ በዚህ ምክንያት ነው።

ቅደም ተከተሉ ላይ ቀልድ የለም። ፊኛው መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ባዶ ይሁን። ያገለገለውን ሲሊንደር ይፍቱ። ቀጥሎ የተቀሰቀሰውን ክፍል ፈትተው የድሮውን እንክብል ቅሪት ጠርገው ያውጡ። በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። የጎማ ቀለበቱ ቦታው ላይ መሆኑንና አለመሰንጠቁን ይዩ። አዲሱን እንክብል ሥዕሉ በሚያሳየው አቅጣጫ ያስገቡ። ሳይገፋ መግባት አለበት፤ ከተቸገረ ተገልብጧል ማለት ነው። ክዳኑን እስከ መጨረሻው ያጥብቁት፣ ክፍተት እንዳይኖር። የእጅ መሳቢያውን ወደ ላይ መልሰው አዲሱን ክሊፕ ይግጠሙ። ምልክቱ አረንጓዴ መሆኑን ይዩ። ሲሊንደሩ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው።

ለምን በመጨረሻ? መርፌው ወጥቶ ቆሞ ሳለ ሲሊንደር ካሰሩበት እያዞሩ ራስዎ ይበሱታል። ወይም ሞላው በትክክል ሳይያዝ ሲሊንደሩ ካለ ክዳኑን ሲነካኩ ሞላው ተፈናጥሮ ይበሳዋል። አዲሱ ሲሊንደር በከንቱ ባከነ ማለት ነው። በእጅዎም ላይ ከሆነ ጥሩ አይደለም፤ ጋዙ ሲወጣ ሲሊንደሩ ወዲያው በረዶ ያህል ይቀዘቅዛል። አዲሱንም ሲሊንደር ቢሆን ከማሰርዎ በፊት ይመዝኑት፣ አፉንም ይዩት። አዲስ ማሸጊያ ማለት ሙሉ ሲሊንደር ማለት አይደለም።

የሃማሩ ሥራ ሌላ ነው። በኪቱ ውስጥ መንፊያውና ሲሊንደሩ አብረው ይመጣሉ፤ የሚከፈተውም ከኪቱ ጋር በሚመጣ ቁልፍ ነው። መመሪያውን ፊት ለፊት አድርገው ሥዕል በሥዕል ይሂዱ። መጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ወደ አገልግሎት ጣቢያ ቢወስዱት አልቃወምም።

ማጠፉን ሰዎች እንደ ልብስ ማጣጠፍ ያዩታል። የማጠፊያው መስመር ጃኬቱ ላይ ታትሟል፤ ወይም መመሪያው ላይ አለ። ፊኛው ሲነፋ ቬልክሮውን ወይም ዚፑን ከፍቶ መውጣት ያለበት ከተወሰነ ቦታ ጀምሮ ነው። በዘፈቀደ ከተጠቀለለ ቀስ ብሎ ሊከፈት ወይም ሊጣመም ይችላል። ሲጨርሱ ሦስት ነገር ይዩ፦ የሚሳበው ገመድ ውጭ ተንጠልጥሏል? የአፍ ቱቦው ሽፋኑ ሲከፈት ወዲያው ይገኛል? ምልክቱ በመስኮቱ ይታያል? ገመዱ ውስጥ ታጥፎ የቀረ ጃኬት በጣም አይቻለሁ። እንዲህ ሆኖ የቆየ ጃኬት ውሃ ውስጥ ካልተቀሰቀሰ ባለቤቱ ገመዱን የት ብሎ ያገኘዋል?

እግረ መንገድዎን ማሰሪያዎቹን ሳብ ሳብ ያድርጓቸው፣ ዘለበቱን ክፈት ዝጋ ያድርጉት፣ ፊሽካውን ይንፉት። ስፌቱ የነጣበትን ቦታ ጥፍርዎን ያስገቡበት፤ ፀሐይ የበላው ክር በጥፍር ይበጠሳል። መብራት ካለው የባትሪው ማብቂያ ቀን ለብቻው ተጽፏል። የሲሊንደሩን ቀን አይተው የመብራቱን የረሱ ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ብስክሌቱ ሲሊንደር። እሱን ለመጠቀም መፈለግዎ ይገባኛል፤ አንዳንዱ ጥርሱ ልክ ይገጥማል። አደጋውም እሱ ነው፤ መግጠሙ ትክክል ያስመስለዋል። ነገሩን በቁጥር እንየው። 33 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በክፍል ሙቀት ወደ 18 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል። አንድ ሊትር ጋዝ ውሃ ውስጥ አንድ ኪሎ ያህል ያነሳል፤ ይህም ወደ 10 ኒውተን ነው። 150 ኒውተን የሚባሉት ጃኬቶች በብዛት 33 ግራም የሚጠቀሙት ለዚህ ነው፤ ትንሽ ትርፍ ይተርፋቸዋል። ለብስክሌት በብዛት የሚሸጠው 16 ግራም ነው። እሱ የሚሰጥዎ 9 ሊትር እንኳ አይሞላም። ጃኬትዎ 33 ግራም የሚፈልግ ቢሆን ግማሹን፣ 24 ግራም የሚፈልግ ቢሆን ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ያገኛሉ።

«ግማሹም ቢሆን ያንሳፍፋል» ሊሉኝ ይችላሉ። እውነት ነው፣ አብዛኛው አዋቂ ሰው ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ለማቆየት ከ3 እስከ 5 ኪሎ የሚሆን ተጨማሪ ማንሻ ይበቃዋል። የ150 ኒውተን ጃኬት ዓላማ ግን መንሳፈፍ ብቻ አይደለም። ራሱን የሳተን ሰው ገልብጦ ፊቱን ወደ ሰማይ ማዞር ነው። ይህን የሚያደርገው የፊኛው ቅርጽ ነው፤ ቅርጹ የሚመጣው ደግሞ ሲሞላ ነው። ግማሽ የተነፋ ፊኛ ሊያዞር የማይችል ለስላሳ ነገር ነው። ከዚህ በተጨማሪ የብስክሌቱ ሲሊንደር ጃኬት ውስጥ ለዓመታት ከጨውና ከእርጥበት ጋር እንዲኖር አልተሠራም። በተቃራኒው ከሚገባው በላይ ግራም ያለው ሲሊንደርም አይሆንም፤ ፊኛውን ያስጨንቀዋል።

ከዚህ በኋላ ጃኬቱን የት ያስቀምጡታል? ያ የጀልባ ሳጥን ይቅርበት። አየር በሚዘዋወርበት ደረቅ ቦታ ተሰቅሎ ይቀመጥ። ከባድ ዕቃ አይጫንበት። ለረጅም ጊዜ የማይጠቀሙበት ከሆነ ሲሊንደሩን ፈትተው ለብቻ ማስቀመጥም ይቻላል። ያን ጊዜ ግን ጃኬቱ ላይ ትልቅ ወረቀት ይንጠልጠል፦ «ሲሊንደር የለውም»። ማስታወስ እችላለሁ ብለው አይተማመኑ።

የፍተሻው ጊዜ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። ከመልበስዎ በፊት ሁልጊዜ፦ ሲሊንደሩ ጠብቋል ወይ፣ ምልክቱ አረንጓዴ ነው ወይ። ጥቂት ሰከንድ ነው። ከላይ ያልኩት የ24 ሰዓት ፈተናና ሚዛኑ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ። መንገደኛም ጭነትም በሚጭኑ ዓለም አቀፍ መርከቦች ላይ ሶላስ የተባለው የባሕር ደህንነት ስምምነት የሚነፉ ላይፍ ጃኬቶች ከ12 ወር ባልበለጠ ጊዜ እንዲታዩ ያዛል። ለመዝናኛ ጀልባ ያን ያህል ግዴታ ባይኖርም በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ወደ ባለሙያ መውሰድ ብዙ አምራቾች የሚመክሩት ነው። 10 ዓመት ሲሞላው ደግሞ፣ ቢያምርም፣ ይሸኝ። የአምራቾች የተለመደ ምክር ይህ ነው።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ልጆች ጀልባው ላይ የሚወጡ ከሆነ ይህን ጃኬት አያልብሷቸው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ለረጅም ጊዜ የሚነፉ ጃኬቶችን ያጸድቅ የነበረው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ብቻ ነው። ልጅ ተጨንቆ ገመድ ይስባል ወይም ቱቦ ይነፋል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው፤ አረፋ የተሞላው ጃኬት ምንም አይጠይቅም። ዋና ለማይችል አዋቂም ቢሆን እኔ አረፋውን ነው የምመክረው። ደግሞ የሚነፋው ጃኬት ሁልጊዜ ከሁሉም ልብስ በላይ ይለበስ። ዚፑ በተዘጋ የዝናብ ልብስ ሥር ከተነፋ ደረትን ጨምቆ ትንፋሽ ያሳጣል።

አውሮፕላኑን በተመለከተ፦ በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ በአያታ ደንብ መሠረት ጃኬቱ ላይ የተገጠሙ እስከ ሁለት ትናንሽ ሲሊንደሮችና እስከ ሁለት መጠባበቂያዎች ይዞ መሄድ ይቻላል። ነገር ግን አየር መንገዱ መፍቀድ አለበት፤ ፈቃዱም አስቀድሞ ቢጠየቅ ነው የሚሻለው። ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ። የፍተሻ ሠራተኛው ሲሊንደሩን በማሽኑ ሲያይ መጠየቁ አይቀርም፤ የአምራቹ መመሪያ አብሮ ቢኖር ንግግሩ ያጥራል። «ፍታው» ከተባሉ ፈትተው አብረው ያሽጉት። መድረሻዎ ላይ መልሰው ሲያስሩ አፉን አይተው፣ ምልክቱ አረንጓዴ መሆኑን አረጋግጠው፣ በእጅ እስከ መጨረሻው ያጥብቁት።